የመማሪያ ኤሌክትሪክ ምንጩ ከየት ይሁን? ከሌይደን ጠርሙስ እስከ ኮር ዊሊያም ሣጥን

የሰው ልጅ የሠራቸውን መሣሪያዎች ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት፣ መሣሪያውን ማን እንደ ሠራው፣ መቼ እንደ ተሠራና ምን ጥቅም እንዳስገኘ ይነግሩናል። መሣሪያው የሚሠራበት ኃይል ከየት ይገኝ እንደ ነበረና ያው ኃይል ሠሪውን እንዳይጎዳ ምን ጥንቃቄ ይደረግ እንደ ነበረ ግን አንሥቶ የሚጽፍ ከስንት አንድ ነው። ይህ ጉድለት በኤሌክትሪክ ትምህርት ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። እኛ መምህራን ስለ አምፖሉ ስናስተምር አምፖሉን የሚያበራው ኃይል አስቀድሞ በተማሪው ጣቶች መካከል የሚያልፍ መሆኑን እንዘነጋለን። ስለዚህ በዚህ መታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ በተሰጠኝ ጥቂት ገጽ፣ የመማሪያ ኤሌክትሪክ ምንጭ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ለሙያ ባልደረቦቼ ላቀርብ አስቤአለሁ።

ወደዚህ ሐሳብ የመራኝ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ያጋጠመኝ ነገር ነው። ትምህርት በተዘጋ ጊዜ፣ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ በንግድ ሥራ የሚኖረውን ታላቅ ወንድሜን ለመጠየቅ ሄጄ፣ ኮር ዊሊያም በሚባለው ሰፈር ተቀመጥሁ። ኮር ማለት በዚያ አገር ዐረብኛ ዝናብ ሲዘንብ የሚሞላ፣ ዝናቡ ሲቆም የሚደርቅ ጅረት ነው። ወንድሜ ባለበት ግቢ የከተማው የመብራት ሽቦ አልገባም ነበር። ቀን ቀን በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የተዘረጋው የፀሐይ ኃይል መቀበያ አንድ የመኪና ባትሪ ይሞላል፤ ማታ ማታ ባትሪው ሁለት አምፖል ያበራል፣ የእጅ ስልኮችንም ይሞላል፤ ከዚህ የከበደ ሥራ ሲኖር የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሣል።

መምህር መሆኔን የሰሙ የሰፈሩ ልጆች፣ ከፊሎቹ የአገራችን ልጆች፣ ከፊሎቹም የዚያው አገር ተወላጆች፣ ሰባት ሆነው ወደ እኔ ይመጡ ጀመር። እኔም ከአዲስ አበባ ይዤአቸው የሄድሁትን አራት ትናንሽ ብሬድቦርዶች አወጣሁላቸው። ብሬድቦርድ ማለት ያለ ብየዳ ሽቦ እየሰኩ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሞክሩበት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ ሰሌዳ አንድ ሥራ ብቻ ነበረው፤ አንዱ ብርሃንና ጨለማን ይለያል፣ ሁለተኛው ጊዜ ይቆጥራል፣ ሦስተኛው ድምፅ ይሰጣል፣ አራተኛው ትናንሽ መብራቶችን ያበራል። አራቱ ሲቀጣጠሉ አንድ ሙሉ መሣሪያ ይሆናሉ። ኃይላቸውንም የሚያገኙት ከሦስት የባትሪ ድንጋዮች ነበረ።

በአራተኛው ማታ ድንጋዮቹ ደከሙ። ልጆቹ እያዘኑ ሲያዩኝ የመኪናውን ባትሪ አስታወስሁና፣ 12 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ማስተካከያ በመካከል አግብቼ ሰሌዳዎቹን ከእርሱ ጋር አገናኘኋቸው። መብራቶቹ በሩ፤ እኔም ብልሃቴን ወደድሁት። ጥቂት ቆይቶ የ13 ዓመት ልጅ ሰሌዳውን ወደ ራሱ ሳብ ሲያደርግ፣ ከባትሪው የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች ከማስተካከያው በፊት ባለው ቦታ ላይ ራቁት ጫፋቸው ተነካካ። ኮንታክት አደረገ ማለት ነው። ሽቦው በቅጽበት ፍም መሰለ፤ ልባሱ ቀለጠ፤ የልጁም ሁለት ጣቶች ተቃጠሉ። ቁስሉ በሳምንት የሚድን ነበረ። ይሁን እንጂ በማግሥቱ እናቱ ልጁን በእጇ ይዛ መጥታ፣ «መምህር፣ ልጄን ነገ ልላክልዎ ወይስ ይቅር?» ብላ ስትጠይቀኝ ቶሎ የምመልሰው ቃል አጣሁ። ጥፋቱ የልጁም የባትሪውም አልነበረም፤ የእኔ ነበረ።

የዚያችን እናት ጥያቄ ሳሰላስል ከእኔ በፊት በዚሁ ጥያቄ የተፈተኑ ብዙዎች መሆናቸውን ከታሪክ አገኘሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጠርሙሱ ዘመን

በ1745 መጨረሻና በ1746 መጀመሪያ፣ በጀርመንና በሆላንድ የሚኖሩ ሰዎች ውሃ የያዘ የብርጭቆ ጠርሙስ ኤሌክትሪክን እንደሚያጠራቅም ተገነዘቡ። በሌይደን ከተማ ያስተምር የነበረው ፒተር ፋን ሙሸንብሩክ ከጠርሙሱ ያገኘው ምት እጅግ ስላስደነገጠው፣ ሌላ ሰው ያንን ሙከራ እንዳይደግም በደብዳቤ አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያውን ግን የሰማ አልነበረም። በዚያው በ1746 አባ ዣን አንቷን ኖሌ የተባለው ፈረንሳዊ መምህር፣ በንጉሡ በሉዊ 15ኛ ፊት 180 ዘበኞችን እጅ ለእጅ አያይዞ የጠርሙሱን ኤሌክትሪክ ቢያሳልፍባቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ዘለሉ። በ1750 ደግሞ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በጠርሙሶች ኃይል የቱርክ ዶሮ ሊገድል ሲሞክር ምቱ በራሱ ላይ ደርሶ ራሱን ስቶ ነበር።

ጨዋታው በዚህ አላበቃም። በ1753 በሴንት ፒተርስበርግ ጌኦርግ ሪችማን የተባለው ፕሮፌሰር የመብረቅን ኤሌክትሪክ ለመለካት በቤቱ ጣሪያ ላይ ብረት አቁሞ፣ ብረቱን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ሳያደርግለት ከመለኪያው አጠገብ ቆሞ ሲመለከት በመብረቅ ተመትቶ ሞተ። ሪችማን በኤሌክትሪክ ሙከራ ላይ እያለ መሞቱ በታሪክ ከተመዘገበላቸው የመጀመሪያው ሰው ነው።

የእነዚህ ሰዎች ዕውቀት ትንሽ አልነበረም። ችግራቸው የኃይላቸው ምንጭ ልክ የሌለው መሆኑ ነው። ጠርሙሱ ጥቂት በጥቂት የተቀበለውን ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይሰጣል፤ መብረቅም ለማንም አይመጥንም። ምንጩ ስንት እንደሚሰጥ ሳይታወቅ በእርሱ ላይ የሚደረግ ትምህርት፣ ጎርፍ በሞላው ወንዝ ዋና እንደ ማስተማር ነው።

የመምህሩ ምንጭ

በ1800 ኢጣልያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ የዚንክና የብር ቁርጥራጮችን፣ በመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ወረቀት እያደረገ ደራርቦ፣ ሳያቋርጥ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ማግኘቱን ለለንደኑ የንጉሣዊ ማኅበር አስታወቀ። ይህ ክምር የባትሪዎች ሁሉ አባት ነው። ከጠርሙሱ የሚለየውም ኃይሉን ቀስ ብሎ፣ ለረጅም ጊዜ የሚሰጥ በመሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ ትምህርት በሰው እጅ ልክ መሆን የጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የቮልታ ክምር አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ሲጀምር በርትቶ ጥቂት ቆይቶ ይደክማል። ይህን ጉድለት ከማንም ይበልጥ የተገነዘበው የሙያ ወንድማችን ነው። ጌኦርግ ሲሞን ኦም በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነበረ። በሽቦ ውስጥ የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ ለመለካት በ1825 ያደረገው ሙከራ፣ ምንጩ ስለሚዋዥቅበት፣ ወደ ትክክለኛው ሕግ ሊያደርሰው አልቻለም። ከዚያ በኋላ ዮሐን ፖገንዶርፍ የተባለው ሊቅ ምንጩን እንዲለውጥ መከረው። ኦም ምክሩን ተቀብሎ፣ ቢስመትና መዳብ የሚባሉትን ማዕድኖች አጋጥሞ፣ አንዱን መጋጠሚያ በሚፈላ ውሃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ አደረገ። የፈላ ውሃና የበረዶ ሙቀት የማይለወጥ ስለ ሆነ የሚያገኘው ኤሌክትሪክ ጥቂት ቢሆንም ጽኑ ነበረ። በ1826 ትክክለኛውን ውጤት አገኘ፤ በ1827ም ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሕግ በመጽሐፍ አወጣ። ሥራው በአገሩ ለጊዜው ብዙ ሰሚ ባያገኝም፣ በ1841 የለንደኑ የንጉሣዊ ማኅበር በኮፕሊ ሜዳይ አክብሮታል።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻችን የምንነግረው በሕጉ ብቻ ነው፤ ቮልት የአምፔርና የኦም ብዜት ነው እንላለን። ኦም ግን ሕጉን ያገኘው ምንጩን ከገራ በኋላ መሆኑን ብንጨምርበት መልካም ነው። ብዙ የሚሰጠውን ምንጭ ትቶ፣ ጥቂትና የታወቀ የሚሰጠውን መረጠ። ለመማሪያ የሚሆን ምንጭ የሚመረጠው ምን ያህል ለመስጠት እንደሚችል እየታየ ሳይሆን፣ ምን ያህል ለመስጠት እንደማይችል እየታየ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ቃል ይኸው ነው።

የዳቦው ሰሌዳ

በ1866 ፈረንሳዊው ዦርዥ ለክላንሼ የሠራውን ባትሪ፣ ጀርመናዊው ካርል ጋስነር በ1886 የማይፈስ ደረቅ ባትሪ አደረገው። ዛሬ የባትሪ ድንጋይ ብለን የምንጠራው፣ አንዱ 1.5 ቮልት የሚሰጠው፣ የዚሁ የልጅ ልጅ ነው። በመካከሉም በ1880 ቶማስ ኤዲሰን ለኤሌክትሪክ መብራት መስመር የሚሆን የደኅንነት ሽቦ በስሙ አስመዘገበ። ይህም ከሌላው ሽቦ ቀጭን ሆኖ፣ ኃይሉ ከልክ ሲያልፍ ከሁሉ አስቀድሞ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ ነው። ዛሬ ፊውዝ የምንለው ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በሽቦ ሲተረጎም ፊውዝ ይሆናል።

ሃያኛው መቶ ዓመት ሲገባ ራዲዮ መጣ። በአሜሪካና በአውሮጳ ብዙ ወጣቶች በየቤታቸው ራዲዮ ለመሥራት ሲነሡ፣ ዕቃውን የሚደረድሩበት ጠፍጣፋ እንጨት አስፈለጋቸው። ከእናታቸው ማድ ቤት የዳቦ መቁረጫውን ሰሌዳ አንሥተው ሚስማር እየመቱ፣ ሽቦ እየጠመጠሙ ይሠሩበት ጀመር። ብሬድቦርድ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ የዳቦ ሰሌዳ ማለት ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በፊላደልፊያ አትዋተር ኬንት የተባለው ባለ ፋብሪካ እንዲሁ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተገጠመ ራዲዮ ሠርቶ ይሸጥ ነበር።

እነዚህ ራዲዮዎች የሚሠሩት በባትሪ ነው። አንዱ ባትሪ የአምፖሎቹን ክር ያግላል፤ ሌላው እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ኃይል ይሰጣል። የመጀመሪያው ባለ አሲድ ስለ ነበረ በምንጣፍ ላይ እየፈሰሰ ባለቤቶችን ያስመርር፣ ሁለተኛው ቶሎ እያለቀ ኪስ ያራቁት ነበር። ስለዚህ ባትሪን አስወግዶ ራዲዮውን ከቤቱ መብራት ጋር ማገናኘት የዘመኑ ምኞት ሆነ። በ1925 በካናዳ ኤድዋርድ ሮጀርስ ያለ ባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ለገበያ አቀረበ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

ይህ ትልቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከእርሱ ጋር አዲስ አደጋ ገባ። በ1930ዎቹ ዋጋ ለመቀነስ ሲባል፣ የቤቱን ኤሌክትሪክ ከራዲዮው ለይቶ የሚያቆመውን ትራንስፎርመር ያስወገዱ ርካሽ ራዲዮዎች ተሠሩ። በእነዚህ ራዲዮዎች ዕቃው የተገጠመበት ብረት ከግድግዳው ሶኬት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነበረ፤ ከሰው የሚለየው የእንጨቱ ወይም የፕላስቲኩ ሣጥን ብቻ ነው። ሣጥኑን ከፍቶ ለመማር የሚሞክር ልጅ በአንድ እጁ ብረቱን፣ በሌላው የውሃ ቧንቧ ቢነካ ሕይወቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ሰሌዳው በባትሪ ሳለ የነበረው ልክ በሶኬት ጠፋ። ሰውን ከእንዲህ ዓይነቱ ድንገተኛ ምት የሚያድን፣ ጥቂት ሚሊአምፔር ወደ መሬት ሲያመልጥ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ፣ የካሊፎርኒያው ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል የሠራው ገና በ1961 ነው።

በአገራችን

በአገራችን ኤሌክትሪክን በውሃ ኃይል ለማመንጨት ከተሠሩት ቀደምት ማመንጫዎች አንዱ በ1932 በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል ነው። በ1956 የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1960 የቆቃ ግድብ፣ በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመሩ። በ1963 በባሕር ዳር የተከፈተው ፖሊቴክኒክም ወጣቶችን በዚህ ሙያ ያሠለጥን ጀመር።

ይሁን እንጂ ሽቦው የደረሰው በከተሞች ነበረ። በገጠር ኤሌክትሪክ ሰው ቤት የገባው በሌላ በር ነው፤ ይኸውም በእጅ ባትሪና በራዲዮ ውስጥ ባለው የባትሪ ድንጋይ ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ ጥቂት ቀን እንዲጨምር ስንለምነው ኖረናል። ድንጋዩን ከሽቦና ከአንዲት አምፖል ጋር አጋጥሞ መብራት ያላበራ የገጠር ልጅም ጥቂት ነው። ይህ ልማድ የድኅነት ምልክት ተደርጎ ይታያል። የዓለሙን ታሪክ ከላይ እንዳየነው ካሰብነው ግን፣ ያ ልጅ ሳያውቀው በኦም መንገድ ሄዷል፤ ጥቂት የሚሰጥ፣ የታወቀ፣ ማንንም የማይገድል ምንጭ ይዞ ተምሯል።

ሽቦው ከደረሰ በኋላ ደግሞ፣ በየትምህርት ቤቱ ሁለት ዓይነት ስሕተት እንሠራለን። አንዳንዶቻችን ተማሪውን ከሶኬቱ ጋር አቀራርበን እንተወዋለን፤ አንዳንዶቻችን አደጋውን ፈርተን ሙከራውን ጨርሶ ትተን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንሥላለን። የመጀመሪያው ልጁን ያጎዳል፤ ሁለተኛው ትምህርቱን ይገድላል። ሁለቱም የሚመጡት ምንጩን አስቀድሞ ካለማሰብ ነው።

አምስት ቮልት

በ1947 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ተፈለሰፈ። ይህች ትንሽ ዕቃ እንደ ቀድሞዎቹ የራዲዮ አምፖሎች 90 ቮልት አትፈልግም፤ በጥቂት ቮልት ትሠራለች። ስለዚህ የመማሪያ ሰሌዳ ዳግመኛ ወደ ባትሪ ሊመለስ ቻለ። በ1960ዎቹ በአውሮጳና በጃፓን ልጆች ክፍል በክፍል እየገጣጠሙ የሚማሩባቸው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በባትሪ እየሠሩ ለገበያ ወጡ። በዚያው ዘመን የወጡት የሒሳብ ማሽን ዕቃዎች 5 ቮልትን የተለመደ ልክ አደረጉት፤ ከፍ ያለውን ቮልት ወደ 5 የሚያወርዱና የሚያጸኑ ባለ ሦስት እግር ማስተካከያዎችም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በየሱቁ ይሸጡ ጀመር። በ1971 አሜሪካዊው ሮናልድ ፖርቱጋል ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበትን ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ ንድፍ ለመዝገብ አቀረበ፤ የዛሬው ብሬድቦርድ ይህ ነው። በ1996 የወጣው ዩኤስቢ የሚባለው የኮምፒዩተር መሰኪያም ያንኑ 5 ቮልት ስለ ወሰደ፣ ዛሬ በእያንዳንዱ የስልክ ቻርጀር ውስጥ ይገኛል።

ከዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ቮልቱ ትንሽ ከሆነ አደጋ የለም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔም በኮር ዊሊያም እንዲሁ አስቤ ነበር። 12 ቮልት በደረቅ እጅ ላይ ሰውን እንደማይመታ እውነት ነው። ነገር ግን የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት የተሠራ ስለ ሆነ፣ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ለመስጠት ይችላል። ሁለት ሽቦ ሲነካካ የባትሪውና የሽቦው እንቅፋት በአንድነት 0.05 ኦም ቢሆን፣ በኦም ሕግ 12ን ለ0.05 ስናካፍል 240 አምፔር ይሆናል። የብሬድቦርድ ቀዳዳ የሚችለው 1 አምፔር ያህል ነው። ይህ ምንጭ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ አይመታም፣ ያቃጥላል። እኔ ያገባሁት ማስተካከያ ሰሌዳውን ይጠብቅ ነበር፤ ከባትሪው እስከ ማስተካከያው ያለውን ሽቦ ግን የሚጠብቀው አልነበረም። ፊውዙ ከባትሪው አፍ አጠገብ መሆን ነበረበት።

ማስተካከያው ራሱም ቢሆን ነጻ አይደለም። ከ12 ቮልት ወደ 5 ቮልት ሲያወርድ የሚቀረውን 7 ቮልት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ግማሽ አምፔር ቢያልፍበት 3.5 ዋት ሙቀት ይሆናል፤ ይህም የልጅን ጣት ለመጥበስ ይበቃል። ከዚህም የባሰ ከአሮጌ ኮምፒዩተርና ስልክ ተፈትተው በርካሽ የሚሸጡ የሊትየም ባትሪዎች አሉ። መጠበቂያቸው ተነቅሎ ሲገኙ ኮንታክት ቢያደርጉ እሳት ሊያነሡ ስለሚችሉ በተማሪ እጅ ሊገቡ አይገባም።

ኮር ዊሊያም እንደገና

ጁባ የነጭ ዓባይ ዳር ከተማ ናት። አገሪቱ ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነጻነቷን ስታውጅ፣ ከተማዋ ለመብራት በአብዛኛው የምትታመነው በየግቢው በሚንደቀደቁ ጄኔሬተሮች ነበረ። በኅዳር 2019 አዲስ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ቢመረቅም፣ የፀሐይ መቀበያና የመኪና ባትሪ በየቤቱ ቀርተዋል። የጄኔሬተር ቮልት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጠፍቶ የሚመለስ መብራትም ሲመለስ ሊያይል ይችላል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የልጆችን ሰሌዳ ከሶኬትም ከመኪና ባትሪም በቀጥታ ማገናኘት አይገባም።

ስለዚህ ከወንድሜ ጋር ሆነን አንዲት የእንጨት ሣጥን ሠራን። በውስጧ ዳግመኛ የሚሞሉ አራት የባትሪ ድንጋዮች አኖርን፤ እያንዳንዱ 1.2 ቮልት ስለ ሆነ በድምሩ 4.8 ቮልት ይሰጣሉ፤ ለሰሌዳዎቹ ያለ ማስተካከያ ይበቃል። እነዚህ ድንጋዮች ግን ኮንታክት ቢያደርጉ ብዙ አምፔር ስለሚሰጡ፣ በፖዘቲቩ በኩል ከድንጋዩ አጠገብ ከራዲዮ ጠጋኝ ሱቅ የተገዛ የግማሽ አምፔር ፊውዝ አገባን። ከፊውዙ ቀጥሎ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከማብሪያው ቀጥሎ በአንድ በኩል ብቻ የሚገባ መሰኪያ አደረግን። ፖዘቲቩ ሁልጊዜ ቀይ፣ ኔጌቲቩ ሁልጊዜ ጥቁር ሽቦ ሆነ። ሣጥኑ በሚስማር ስለ ተመታ ድንጋዮቹን የምነካው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ፊውዙን የመረጥነው በግምት አይደለም። አራቱ መብራቶች እያንዳንዳቸው 10 ሚሊአምፔር ይወስዳሉ፤ ይህ 40 ነው። ጊዜ ቆጣሪው 10፣ ድምፅ ሰጪው 30፣ ብርሃን ለዪው 5 ሲጨመር ድምሩ 85 ሚሊአምፔር ይሆናል። የፊውዝ ልክ ከሥራው ድምር የበለጠ፣ ከሽቦውና ከቀዳዳው አቅም ያነሰ መሆን አለበት። ግማሽ አምፔር ከ85 ሚሊአምፔር ይበልጣል፤ ከ1 አምፔር ያንሳል። ተማሪ ይህን ድምር ራሱ እንዲሠራ ማድረግ ከማንኛውም የማስጠንቀቂያ ቃል የበለጠ ይጠቅመዋል። አዲስ ሰሌዳ ሲጨመር ድምሩም እንደገና ይሠራል።

ለሥራው የወሰንናቸው ደንቦች ጥቂት ነበሩ። ሽቦ የሚሰካውና የሚነቀለው ማብሪያው ሲጠፋ ነው። አንዱ ልጅ የሠራውን ሌላው ልጅ ሳያየው አይበራም። መጀመሪያ የሣጥኑ ቮልት ብቻውን በመለኪያ ይታያል፤ ቀጥሎ ሰሌዳዎቹ በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ጥፋት ካለ ጥፋቱ በኋላ በገባው ሰሌዳ ላይ መሆኑ በዚህ ይታወቃል። ትኩሳት ወይም ሽታ ከተሰማ መጀመሪያ ይጠፋል፣ ምክንያቱ ከዚያ በኋላ ይፈለጋል። ሁለት ሰሌዳዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምንጭ ኖሯቸው መነጋገር ካለባቸው፣ ኔጌቲቮቻቸው ይገናኛሉ፤ ፖዘቲቮቻቸው ግን ከቶ አይገናኙም። ድንጋዮቹ የሚሞሉት ቀን ቀን ከሣጥኑ ወጥተው በራሳቸው መሙያ ነው፤ ሲሞሉ አይሠራባቸውም፣ ሲሠራባቸው አይሞሉም። በዚህ የተነሣ ልጆቹ ከጄኔሬተሩም ከመኪናው ባትሪም ጋር የሚያያይዛቸው አንድም ሽቦ አልነበረም።

የከተማ መብራት ያለው ትምህርት ቤትም ሶኬትን ለመጠቀም ቢፈልግ በዚሁ ሥርዓት መሄድ ይችላል። ሶኬቱ ላይ የሚሰካው አስማሚ የታወቀ ሠሪ ያለው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሣሉ የሁለት አራት ማዕዘኖች ምልክት ያለበት ይሁን፤ ምልክቱ በግድግዳው ኃይልና በተማሪው እጅ መካከል ድርብ መከለያ እንዳለ የሚያስታውቅ ነው። የግድግዳው መስመር ወደ መሬት የሚያመልጥ ኃይልን የሚቆርጥ መሣሪያ ይኑረው። የተሰነጠቀ፣ የላላ ወይም የሚሞቅ ቻርጀር ከክፍል ይውጣ።

ሣጥኗ ባለቀች ጊዜ ወደዚያች እናት ቤት ይዣት ሄድሁ። በፊቷ ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ ሆን ብዬ አነካካሁ። ፊውዙ ተበጠሰ፤ ሽቦው አልሞቀም። ሽቦውን በእጇ ዳሰሰችና ጥቂት ዝም አለች፤ ቀጥላም የፊውዙን ዋጋ ጠየቀችኝ። ብነግራት «ከዚያ ሌሊት መድኃኒት ይረክሳል» አለች። በማግሥቱ ልጁ ጣቶቹ እንደ ታሰሩ መጣ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር፣ ደንቦቹን በጁባ ዐረብኛ የሚያነብለት እርሱ ሆነ። «ኡስታዝ፣ ድምሩን ይሥራ ወይስ እኔ ልሥራለት?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር፤ መልሴም ሁልጊዜ «ራሱ ይሥራ» ነበረ።

በመምህራን ማሠልጠኛ የምናስተምር ሁሉ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ሥራ አለ። ዕጩ መምህራን ስለ ኤሌክትሪክ ሲማሩ የመጀመሪያው ትምህርታቸው ምንጩ ይሁን፤ አምፖሉና ትራንዚስተሩ ከዚያ በኋላ ይምጡ። እያንዳንዱ ዕጩ መምህር ወደ ተመደበበት ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ በገዛ እጁ የሠራትን ባለ ፊውዝ ሣጥንና ድምሩን የጻፈበትን ወረቀት ይዞ ይሂድ። ይህን ለማድረግ ግድብም ጄኔሬተርም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጥቂት የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ፊውዝና አንድ ቁራጭ እንጨት ይበቃል። ልጁን የላከች እናት ሁሉ በአፏ ባትናገረውም ያንኑ ጥያቄ ትጠይቀናለችና፣ ሳይቃጠል መልሱን በእጃችን ይዘን እንገኝ።